የጽጌ አምባ ሁለት መስኮቶች

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮት የለበሰ ሰው ሱቃችን ገባና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"ሦስት በአራት የሆነ ባነር እፈልጋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ነው። ቀለሙ ደማቅ ይሁን" አለ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ባነር ቤት ነው። የምርቃት ፎቶ አሳምራለሁ፣ የሙት ዓመት ጥሪ እጽፋለሁ፣ የሙሽራ ፊት አቀላለሁ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሳምንት ሦስት አራቴ ስለሚመጣ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ስልኩን ሳይ ግን ማውሱን ለቅቄ አነሣሁት። ስክሪኑ ላይ ያለው ፎቶ የኔ ነው። እኔ ራሴ ያነሣሁት። ጽጌ አምባ ኪዳነ ምሕረት፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ በእመቤታችን ሥዕል ላይ ሲያርፍ።

ጽጌ አምባ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ከተማ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ በማይኖርበት ቀን፣ መንገዱም ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። ብቻዬን ነው የምሄደው። ተወልጄ ያደግሁት መዘዞ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። ጓደኛ የለኝም ብል ማጋነን አይሆንም። ሰዎች በበዓል ቀን የት ዋልክ ሲሉኝ "ቤት" እላለሁ። ጣሪያ ለማየት ሄጄ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ግን ጣሪያ ለማየት ነው የምሄደው። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። ዙሪያዋን ያቀፋት የድንጋይና የጭቃ ግንብ ከአንድ ክንድ በላይ ይወፍራል። ውስጧ ዐሥራ ሁለት የጽድ ምሰሶ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ከአንድ ዛፍ የወጣ ነው፤ የመጥረቢያው ጥርብ ዛሬም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ቀና ሲሉ የሸምበቆው ማገር በጠፍር እየተጠላለፈ ወደ ጉልላቱ ይሰበሰባል። አንድም ምስማር የለው። መካከል ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ አለ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቀዩ እንደ በርበሬ፣ ሰማያዊው እንደ ማለዳ ሰማይ፣ የመላእክቱ ዓይን ደግሞ የትም ብትቆም አንተኑ ያያል።

በምዕራቡ በር ግራና ቀኝ ሁለት መስኮቶች አሉ። መስታወት የላቸውም፤ መስቀል መስቀል ሆኖ የተፈለፈለ የዋንዛ ጣውላ ተገጥሞባቸዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በፍልፍሉ ተሰንጥቆ ይገባል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ካህናቱ በተርታ ባቆሟቸው መቋሚያዎች ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይደርስና ከልጇ ጋር የተሣለችውን እመቤታችንን ፊቷ ላይ ያገኛታል። በበጋ ይህን የሚያደርገው በስተደቡብ ያለው መስኮት ነው። በስተሰሜን ያለው በክረምት ይሠራል ይባላል፤ ክረምት ግን እዚያ አገር ፀሐይን ማን አይቷት፣ ጉም ብቻ ነው። ይህን ያሠራው ሰው ፀሐይ የት ውላ የት እንደምትገባ ስንት ዓመት ቆሞ አይቶ ይሆን? እኔ ያንን ሰው ነበር የማስበው፤ ስሙን እንኳ የማላውቀውን።

ይህን ሁሉ ያሳዩኝ መሪጌታ ወልደአረጋይ ናቸው። ደብተራዎቹ ሁሉ "የኔታ" ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ግራ ገብቶኝ ስቆም፣ "ልጄ፣ ጫማህን አውልቅና እዚህ ቁም። አትናገር" አሉኝ። ቆምኩ። ብርሃኑ መጣ። አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የምመላለሰው።

ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት አምና ኅዳር ላይ ነው። ሥሩም "ጨለማ ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያን። ብርሃን ግን መንገዱን አይስትም" ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

"ይህን ፎቶ ከየት አገኙት?" አልኩት ሰውዬውን። አንቱ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው።

"ከፌስቡክ። ምነው?"

"እንዲሁ።"

"አየህ" አለ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። "እኔ የእድሳት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ፣ ወልደኪዳን እባላለሁ። አንድ ባለሀብት አለልህ፣ አዲስ አበባ። አያቱ የኛ አገር ሰው ናቸው። ይቺን ፎቶ አይቶ እንባው መጣ። 'እናታችን እስከ ዛሬ በጨለማ ነው የምትኖረው?' አለ። አሁን ዐሥራ ስምንት ፍሎረሰንት እናስገባለን። ወለሉ ሴራሚክ ይሆናል። ሁለቱ መስኮቶች ይደፈናሉ።"

"ለምን ይደፈናሉ?"

"ብርድ ነዋ የሚያስገቡ! ደግሞ ባነሩ ለጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። እመቤታችንን በደማቁ ከላይ ታደርጋታለህ፣ የለጋሹን ስም ከታች። ስሙ ከሩቅ ይነበብ።"

"ፊት ለፊቱ እኮ ሥዕሏ አለ፣ መቅደሱ ላይ…"

"እሱ አርጅቷል ወንድሜ፣ ፊቷ እንኳ አይለይም። ለየካቲት ዐሥራ ስድስት፣ ለንግሡ መድረስ አለበት። ግንበኛው ቅዳሜ ይጀምራል።"

ልኩን ጻፍኩ። ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩ። "እሺ ጋሼ" ብዬ በሩ ድረስ ሸኘሁት። እስከ ዛሬ ራሴን የምታዘበው በዚያ "እሺ" ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እኔ ብርሃን አያችሁ ብዬ አሳየሁ፤ እነሱ ያዩት ጨለማውን ነው። ፊቷ አይለይም ይላል! ዐሥር ሰዓት ላይ አንድ ቀን ቆሞ አይቷት ያውቃል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሞኙ እኔ ራሴ ሆኜ፣ ሞፈሩን ፎቶ አንሥቼ ለቆራጩ ሰጠሁት።

ቅዳሜ ለአለቃዬ አሞኛል ብዬ ሄድኩ።

ግቢው ስደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። በሩ ላይ ጧፍ የምትሸጠው እትዬ እናናየሁ ከርቀት አይታኝ ጧፌን አዘጋጀች። ገንዘቡን ሰጥቼ ወደ ምዕራቡ በር ዞርኩ። የደቡቡ መስኮት ፍልፍል ጣውላ ከቦታው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ላዩ ላይ ሲሚንቶ እየተቦካበት ነው። ሲሚንቶ! በዚያ ሁሉ መስቀል ቀዳዳ ውስጥ ውሃውና ሲሚንቶው እየተንጠባጠበ ይፈሳል። መስኮቱ ላይ ደግሞ ሦስት ተራ ብሎኬት ተደርድሯል፤ ግንበኛው አራተኛውን ሊጀምር ማንኪያውን ሞልቶ አንሥቷል።

"በሕግ አምላክ!" አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም ነበርና እኔኑ አስደነገጠኝ። የግንበኛው እጅ አየር ላይ ቆመ። ሲሚንቶው ከማንኪያው ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ።

"ማንን ነው የያዝከው?" አለኝ። ጠይም፣ ፊቱ የተሸበሸበ፣ ሃምሳ የዘለለው ሰው ነው።

"አንተንም፣ ያሠሩህንም፣ ሁላችሁንም!"

"እንግዲያ ቆምኩ" አለና ማንኪያውን ብሎኬቱ ላይ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

አቶ ወልደኪዳን ከውስጥ ወጣ። እኔን ሲያይ ዓይኑ ጠበበ። "አንተ የባነር ቤቱ ልጅ አይደለህ? ምን ትሠራለህ እዚህ? አለምነህ፣ ሥራህን ቀጥል እንጂ!"

"አይሆንም ጋሼ" አለ ግንበኛው አለምነህ። "በሕግ አምላክ ተብያለሁ።"

"በዚህ ዘመን ደግሞ በሕግ አምላክ ተብሎ የሚቆም ማን አለ?"

"እኔ አለሁ። እኛ አገራችን ሰላ ድንጋይ ያደግነው፣ ይህ ቃል ከተጠራ በኋላ እጁን ያነሣ ሰው ነገ ሲበደል የሚሰማው አያገኝም ተብለን ነው። ነገራችሁን ተነጋገሩ። ሲያልቅ ጥሩኝ፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆሎዬን እበላለሁ።"

እውነትም ተቀመጠና ቆሎውን አወጣ።

ረፋዱ ላይ ሽማግሌ ተሰበሰበ። ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር አቶ ይርጋለም መካከል ላይ ተቀመጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ አካባቢ ድንበር የተገፋም፣ ከሚስቱ የተጣላም እሳቸው ፊት ነው የሚቀርበው። ግራና ቀኛቸው ካህናቱና ምእመናኑ፣ ሃያ ይሆናሉ። የኔታም በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸውን ሳይ ልቤ ተመለሰ። አለሁልህ የሚለኝ ሰው አለ ብዬ አሰብኩ።

"ከሳሽ" አሉ አቶ ይርጋለም፣ "ዋስህን ጥራ።"

"የምን ዋስ አባቴ?"

"በነገርህ እንድትጸና፣ የተፈረደውንም እንድትቀበል። አለዚያማ የመንገዱ ሰው ሁሉ እየገባ ይጮህና ሥራችንን ያስቆም? የሚያውቅህ ሰው ይምጣና 'እኔ አለሁለት' ይበል።"

የኔታን አየኋቸው። ሁሉም እሳቸውን አየ። እሳቸው የመቋሚያቸውን ጫፍ ያዩ ጀመር።

ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ፣ አንድም ቀን ቅዳሴው ሳያልቅ ሳልወጣ፣ አንድ ቃል አጣሁ።

"አገርህ የት ነው?" አለ አቶ ወልደኪዳን፣ ፈገግ ብሎ።

"መዘዞ።"

"እና የመዘዞ ቤተ ክርስቲያን መስኮት የለውም? እሱን ጠብቅ እንጂ!"

ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። ምነው ብቻውን የሚኖር ሰው ዓይን የለውም? ዘመድ የሌለው ሰው ያየው ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል?

"እኔ እሆነዋለሁ" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እትዬ እናናየሁ ናት፤ የጧፍ ሰሃኗን በብብቷ ይዛለች።

"አንቺ?" አሉ አቶ ይርጋለም።

"ምነው? ጧፍ ሻጭ ዋስ አይሆንም የሚል ኦሪት ላይ ተጽፏል?"

"እሱ አይደለም፣ እንግዲህ የሴት ዋስ…"

"ቤተ ክርስቲያኑስ የተሠራው በማን ስም ነው አባቴ? በወንድ ነው?"

አንድ ዲያቆን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። አቶ ይርጋለም ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። "ለመሆኑ ታውቂዋለሽ?"

"ሁለት ዓመት ሲመላለስ አንድም ቀን ጧፍ ሳይገዛ አልገባም። ጠባዩን አውቃለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም" አለችና ወደኔ ዞረች። "ማነው ስምህ፣ ልጄ?"

"ታደለ።"

"ታደለ ነው" አለች ለሽማግሌው። "እኔ አለሁለት።"

ተናገር ተባልኩ። በቅጡ የተናገርኩ አይመስለኝም። ሲሚንቶ የተቦካበትን ጣውላ ከግቢው ጥግ ተሸክሜ አምጥቼ እግራቸው ሥር ጣልኩት። "ይህን የፈለፈለው ሰው ኮት ለባሽ ባለሀብት አልነበረም፤ ስሙንም ከታች አላስጻፈም!" አልኩ። "ስንት ወር ፈጅቶበት ይሆን? እናንተ በግማሽ ቀን ሲሚንቶ አቦካችሁበት። መስኮቱን ደፍናችሁ አምፖል ታበራላችሁ። መብራት ሲጠፋስ? በሳምንት ስንቴ ነው የሚጠፋው? ፀሐይን አጥፍቶ በመብራት ኃይል የሚተማመን ሰው አይቼ አላውቅም!"

"ስለ መብራቱስ ልክ ነው" አለ አለምነህ ከድንጋዩ ላይ፣ ቆሎውን እያኘከ።

"አንተ ዝም በል" አለው አቶ ወልደኪዳን። ከዚያ ስልኩን አወጣ። "ሽማግሌዎች፣ አንድ ነገር ላንብብላችሁ። 'ጨለማ ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያን' ይላል። ይህን የጻፈው ማነው? ይኸው የተቆጣው ልጅ ነው፣ ስሙም መልኩም እዚህ አለ! በሱ ጽሑፍ ነው ለጋሹ የተነካው። ጨለማ ናት ብሎ ለዓለም ይጽፋል፣ ስናበራላት ደግሞ በሕግ አምላክ ይላል።"

"ቀጥሎ ያለውን ያንብቡት!" አልኩ።

"የሚበቃኝን አንብቤአለሁ።"

ከዚያ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዋስ ለመሆን ያጡት ድምፅ አሁን መጣላቸው። "ልጄ ታደለ" አሉ። ስሜን ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። "አንተ በወር አንዴ መጥተህ ብርሃን ታያለህ። እውነትህን ነው፣ ያምራል። እኔ ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሬ እዚያ መስኮት ሥር ለማኅሌት እቆማለሁ። ነፋሱ የሚገባው በደቡቡ ነው። ደረቴ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ነው። መምሬ ወልደተንሣኤ አምና በዚሁ ብርድ ነው ያለፉት። ብርሃን ማየት ለኛም ያምረናል፤ ግን እንሞታለን።"

ምን ልበል? እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አንኮበር ላይ የሌሊት ብርድ ምን እንደሆነ አንድም ሌሊት አድሬበት አላውቅም። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ከፍልፍሉ ውስጥ በኩል ወፍራም የእንጨት መዝጊያ ነበረ። የኔታ ራሳቸው ሲከፍቱት አይቻለሁ።

"መዝጊያው የት ሄደ?" አልኩ።

አቶ ወልደኪዳን ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

"ሁለቱም መስኮቶች ማታ የሚዘጋ ቀን የሚከፈት መዝጊያ ነበራቸው! የት ሄደ?"

"አምና ለንግሡ" አለ ያ ሳቂታው ዲያቆን፣ "የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ሆኗል።"

"ጊዜያዊ ነበር" አለ አቶ ወልደኪዳን።

"ጊዜያዊ!" አልኩ። "መዝጊያውን ነቅላችሁ ወጥ አስቀመጣችሁበት፣ ካህናቱን በብርድ አስመታችሁ፣ አሁን ደግሞ ብርዱን ምክንያት አድርጋችሁ መስኮቱን ትደፍናላችሁ! መዝጊያ መሥራት ለአናጢ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የአንድ ቀን!"

"ለንግሡ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ የምን አናጢ? ለጋሹ ደግሞ ለግንብ ነው የሰጠ።"

አቶ ይርጋለም እጃቸውን አነሡ። እኔ በጅል ልቤ፣ አሁን ያሸነፍኩ መሰለኝ።

"ሁለታችሁም የቤቱ ልጆች ናችሁ" አሉ። "አንዱ ለብርሃኗ፣ አንዱ ለካህናቷ ነው የተቆረቆረ። እንዲህ ይሁን። መስኮቱ ሁለት ነው። አንዱ ይደፈን፣ አንዱ ክፍት ይቅር። ባነሩም በተደፈነው በኩል ይሰቀል። ታረቁ።"

"ደግ አሉ! ደግ አሉ!" ተባለ ዙሪያውን። ሁሉም ደስ አለው። ሰው ሁሉ ወገቡን እያሸ ሊነሣ ሆነ። ግማሽ ብርሃን! እንደ ሙክት ሥጋ ለሁለት ተከፈለ። የተበደለና የበደለ እኩል ተካፍለው ተሳሳሙ ማለት ፍርድ ነው? እኔን ያቃጠለኝ ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አቶ ይርጋለም ክፉ ሰው አይደሉም። ሁላቸውም ጥሩ ነገር የሠሩ መስሏቸው ይስቃሉ።

"አልቀበልም!" አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። አቶ ይርጋለም እኔን አልተናገሩኝም። ወደ እትዬ እናናየሁ ዞሩ። "ዋስ፣ ሰውሽን ያዢ።"

መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሽታዋ ሰምና ጭስ ነው። ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ታደለ" አለችኝ፣ "አንተ ማታ ሚኒባስ ተሳፍረህ ትሄዳለህ። እኔ ነገም ከነገ ወዲያም እዚህ በር ላይ ነኝ። ፍርድ የረገጠ ሰው ዋስ ተብዬ ማን ከእጄ ጧፍ ይገዛል?"

ከዚያ በፊት በሕይወቴ ማንም በኔ ጉዳይ የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ብቻዬን ስለሆንኩ የፈለግሁትን ያህል መናደድ እችል ነበር። አሁን ግን ንዴቴ የሌላ ሰው ዕዳ ሆነ። መሬቱን አየሁ። ጣውላው ላይ ሲሚንቶው መድረቅ ጀምሯል።

"ተቀብያለሁ" አልኩ።

"ጎሽ። ከሳሽ ነህና አንተ ምረጥ፤ የትኛው ይቅር?"

"የተጀመረው ይለቅ እንጂ!" አለ አቶ ወልደኪዳን። "ሦስት ተራ እኮ ተደርድሯል!"

"እሱ ይምረጥ ብያለሁ" አሉ አቶ ይርጋለም።

የኔታ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳሉ። ነፋሱ በደቡቡ ነው የሚገባው። ብርሃኑም በደቡቡ ነው የሚገባው። ሰሜኑን ክፍት ባስቀር የኔታ ይሞቃቸዋል፣ እመቤታችንም ከክረምት እስከ ክረምት በጨለማ ትቀመጣለች፤ እኔም አንድ ባዶ ቀዳዳ አትርፌ፣ ነገር ረትቼ እሄዳለሁ። ደቡቡን ባስቀር ደግሞ ይህ ሳል የኔ ይሆናል። እንዲህ ያለ ምርጫ በሰው ፊት የሚያቀርብ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያለው? ከጠረጴዛው ላይ ወጡን ጠርጎ መዝጊያውን መመለስ እንጂ!

"ደቡቡ ይቅር" አልኩ። "ሰሜኑን ድፈኑት።"

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺታ ይሁን ትዝብት አልገባኝም። አቶ ወልደኪዳን ትከሻዬን ይዞ በየጉንጬ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳመኝ። ፊቴን አላዞርኩም፤ አልሳምኩትምም።

አለምነህ ተነሣ። ሦስቱን ተራ ብሎኬት አንድ በአንድ እየነቀነቀ አወረደ፤ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ስለነበር እንደ ዳቦ ተላቀቀ። የሰሜኑንም ፍልፍል ሲነቅል በቀስታ ነበር፤ ነጠላውን አንጥፎ ላዩ ላይ አስተኛው። "ይቅርታ" አለኝ፣ "የመጀመሪያውን ለማቡኪያ የሰጡኝ እነሱ ናቸው። እኔም መጠየቅ ነበረብኝ።" ይህን ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አልሄድኩም። ብሎኬት በብሎኬት ላይ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ቱንቢውን ጣለ፣ ሲባጎውን ወጠረ፣ ለጥ ያለ ቆንጆ ግድግዳ ሠራ። ግንቡ ሲያልቅ የሰሜኑ ወገን ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ነበር፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት ሁለት መላእክት ክንፋቸው ብቻ ይታያል።

ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ መጣች። ፍልፍሉ ስለሌለ መስቀሉ የለም። አራት ማዕዘን ብርሃን ነው፣ እንደተቀደደ ካርቶን። ወለሉን አቋርጦ፣ መቋሚያዎቹን አልፎ፣ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ፊቷንም አገኛት። በርበሬው ቀይ፣ የልጇ ትንሽ እግር፣ ከዓይኗ ሥር ያለችው ቀጭን መስመር፣ ሁሉም ተለየ። አቶ ወልደኪዳን በስልኩ እያወራ በብርሃኑ መካከል ተሻገረ፤ ጥላው ፊቷ ላይ አለፈ፣ ቀና ብሎም አላየም።

ነፋሱም አብሮ ገባ። የኔታ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። አርባ ዓመት የቆሙበት ስፍራ እዚያ ነው፤ ምሰሶው ላይ ጀርባቸው የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ ያብረቀርቃል። መቋሚያቸውንና ጸናጽላቸውን አነሡ። በዝግታ ወደ ሰሜን ሄደው፣ ሲሚንቶው ገና ባልደረቀው ግድግዳ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ ቆሙ።

"እዚህ ይሻላል" አሉ። "እዚህ ነፋስ የለም።"

ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ፈለግሁ፤ ደግሞ ጠዋት ዝም ያሉኝ ትዝ አለኝና እግሬ አልታዘዝ አለ። ሰው በአንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ ሊያዝንም ሊቀየመውም ይችላል?

ወደ አለምነህ ሄድኩ። ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተተ ነው።

"ጋሽ አለምነህ፣ ሜትርህን አውሰኝ።"

"ለምንህ?"

"ለመዝጊያ።"

አየኝ፤ ከዚያ ሜትሩን አቀበለኝና ሌላውን ጫፍ ራሱ ያዘ። አቶ ወልደኪዳን ከበሩ ላይ፣ "ደግሞ ምን እየለካችሁ ነው? ማን ፈቀደላችሁ?" እያለ ይጮኻል። አልመለስኩለትም። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት። ወርዱ ከላይ ሰባ ስምንት፣ ግንቡ ስለተንሻፈፈ ከታች ሰባ አምስት ብቻ። ወረቀት አልያዝኩም ነበርና ሦስቱንም ቁጥር በእስክሪብቶ ክንዴ ላይ ጻፍኩት።